መስቀለኛ ጥያቄ የማይመልስ ምስክር

ሁለት የሥጋ ዘመዶች ይነጋገራሉ። አንደኛው ዕድሜያቸውን በወንጀል ችሎት የፈጁ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ ዳኛ ናቸው። ሁለተኛዋ የወንድማቸው ልጅ ስትሆን ሙያዋ የኮምፒውተር ምሕንድስና ነው። በአንድ የገንዘብ ጉድለት ክርክር ስለ ኮምፒውተር መዝገብ የሙያ ምስክርነት እንድትሰጥ ተጠይቃለች፤ ከመስማማቷ በፊት አጎቷን ልታማክር መጥታለች። በንግግራቸው የሚነሡት የውጭ አገር ጉዳዮች ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ሥራው ቀላል ነው ብለውኛል። የሲስተሙን መዝገብ አይቼ ጉድለት መኖሩን የሚያረጋግጥ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ከዚያ ችሎት ቀርቤ ያንኑ እደግማለሁ። እኔን ያስጨነቀኝ ችሎቱ ነው። ምን ምን ይጠይቁኛል?

ዳኛው፦ እኔ ደግሞ የምፈራልሽ ምንም እንዳይጠይቁሽ ነው።

መሐንዲሷ፦ እንዴት?

ዳኛው፦ ተራ ምስክር ‹‹በዓይኔ አየሁ›› ሲል ጠበቃው ዝም ብሎ አያልፈውም። ስንት ሰዓት ነበር? መብራት ነበር ወይ? ከተከሳሹ ጋር ቂም አላችሁ ወይ? እያለ ያፋጥጠዋል። ልዩ አዋቂ የተባለ ሲቀርብ ግን ችሎቱ ጸጥ ይላል። ሪፖርቱ ይነበባል፣ ፊርማና ማኅተሙ ይታያል፣ መስቀለኛ ጥያቄ እንዲያቀርብ ሲጋበዝ ‹‹የለኝም›› ብሎ የሚቀመጥ ጠበቃ ብዙ አይቻለሁ። ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ስለማያውቅ ነው። እኛም ዳኞቹ ሳይንሱን ስላልተማርነው ማኅተሙን እናምናለን። አሁን ደግሞ ከባለሙያው ጀርባ ኮምፒውተር ቆሟል። ‹‹ሲስተሙ ነው ያለው›› ከተባለ ክርክሩ ያለቀ ይመስላል።

መሐንዲሷ፦ ኮምፒውተር ግን ከሰው ምስክር የሚሻልበት ነገር አለ እኮ። ጉቦ አይበላም፣ አይዘነጋም፣ የሚበቀለው ጠላት የለውም።

ዳኛው፦ የእንግሊዝ ሕግም ኋላ ላይ ነገሩን እንደዚሁ አቅልሎት ነበር። የፖስታ ቤቱን ጉዳይ ታውቂዋለሽ አይደል?

መሐንዲሷ፦ ሆራይዘንን? በቴክኒኩ በኩል አውቀዋለሁ። ፍርድ ቤት ውስጥ ምን እንደ ሆነ ግን በደንብ አላውቅም።

ዳኛው፦ እንግዲያው የምታውቂውን ንገሪኝ፣ የቀረውን እኔ እጨምርበታለሁ።

መሐንዲሷ፦ ሆራይዘን የፉጂትሱ ኩባንያ የሒሳብ ሲስተም ነው። ከ1999 ጀምሮ በብሪታንያ ፖስታ ቤቶች ተዘረጋ። ቅርንጫፎቹን የሚያስተዳድሩት በአብዛኛው በውል የሚሠሩ፣ ከጎን ሱቅ ያላቸው ተራ ሰዎች ናቸው። ሒሳብ ሲዘጉ ሲስተሙ ‹‹ይህን ያህል ገንዘብ ጎድሏል›› ይላቸዋል፤ በውላቸው መሠረት ጉድለቱን ከኪሳቸው መሙላት አለባቸው። አንዳንዱ ከዘመድ ተበድሮ ከፈለ፣ አንዳንዱ ቤቱን አጣ። ጉድለቱ ግን ብዙ ጊዜ ሳጥናቸው ውስጥ ሳይሆን ሶፍትዌሩ ውስጥ ነበር። ለቅርንጫፉ የተላከ ገንዘብ ተደግሞ የሚመዘገብበት፣ በቅርንጫፉ ውስጥ ከአንዱ ክምችት ወደ ሌላው የተላለፈው የማይጣጣምበት ስህተት ነበር። ከሁሉም የከፋው ደግሞ የኩባንያው ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው፣ ባለቤቱ ሳያውቅ፣ የቅርንጫፉን ሒሳብ መለወጥ ይችሉ ነበር። ፖስታ ቤቱ ይህ ፈጽሞ አይቻልም እያለ ለዓመታት ካደ። አንድ ሰው ደውሎ ቢያማርር የሚሰጠው መልስ ‹‹እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው አንተን ብቻ ነው›› የሚል ነበር።

ዳኛው፦ አሁን የእኔን ስሚ። በዚህ መዝገብ ላይ በመመሥረት ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሒሳብ ተፈርዶባቸዋል። ወደ 700 የሚሆኑትን የከሰሰው ፖስታ ቤቱ ራሱ ነው፤ በዚያ አገር ተበዳይ ነኝ የሚል ድርጅት በራሱ ጠበቆች የወንጀል ክስ ማቅረብ ይችላል። ተበዳዩም፣ መርማሪውም፣ ከሳሹም አንድ ሆነ ማለት ነው። በ2010 አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት የ15 ወር እስራት ተፈርዶባት ወህኒ ወረደች። ጠበቃዋ የሲስተሙ የስህተት መረጃ ይገለጥልን ብሎ ደጋግሞ አመልክቶ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። ጉዳዩን ያጣራው የመንግሥት መርማሪ ኮሚሽን በ2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ቢያንስ 13 ሰዎች በዚህ መከራ የተነሣ ራሳቸውን ሳያጠፉ እንዳልቀሩ አስፍሯል። ይህን ሳነብ ሪፖርቱን አጥፌ ተቀምጫለሁ፤ ሁላችንም ዳኞች የምንጠየቅበት ነገር አለበትና።

መሐንዲሷ፦ ሕጉ ግን ይህን ሁሉ እንዴት ፈቀደ?

ዳኛው፦ በ1984 የወጣው የእንግሊዝ የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ አንድ ድንጋጌ ነበረው። ከኮምፒውተር የወጣ ሰነድ በማስረጃነት እንዲያዝልህ ከፈለግህ ኮምፒውተሩ በትክክል ይሠራ እንደ ነበር አስረዳ ይል ነበር። ይህ ለከሳሾች ሥራ አበዛ፣ አስቸጋሪ ነው ተብሎ በ1999 በወጣ ሕግ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ኮምፒውተሩ በትክክል ይሠራ ነበር ተብሎ የሕግ ግምት ይወሰዳል። ሆራይዘን ወደ ቅርንጫፎቹ የገባበትና ይህ ሸክም ከከሳሹ ትከሻ የወረደበት ጊዜ አንድ ነው።

መሐንዲሷ፦ ‹‹ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ›› ነው የሚለው እኮ። ተከሳሾቹ ማቅረብ ይችሉ ነበር።

ዳኛው፦ ከየት አምጥተው? አንቺው ፍረጂ፤ በአንድ መንደር ቴምብር የምትሸጥ ሴት የኩባንያውን የስህተት መዝገብ እንዴት አድርጋ ታገኘዋለች?

መሐንዲሷ፦ አታገኘውም። መኖሩንም አታውቅም።

ዳኛው፦ ለከሳሹ ወገን ይመሰክር የነበረው ልዩ አዋቂ ደግሞ የዚያው የኩባንያው መሐንዲስ ነበር። በ2013 የፖስታ ቤቱ የራሱ የሕግ አማካሪ፣ ይህ ባለሙያ የሚያውቃቸውን የሶፍትዌር ስህተቶች ለፍርድ ቤት ባለመግለጡ ግዴታውን እንደ ጣሰ በጽሑፍ አስታወቀ። ያ ምክር የተፈረደባቸው ሰዎች እጅ ሳይገባ ዓመታት አለፉ። 555 ሰዎች በአላን ቤትስ መሪነት በፍትሐ ብሔር ከሰው፣ ዳኛ ፍሬዘር በ2019 ሲስተሙ እንከን እንደ ነበረበት ከፈረዱ በኋላ ነው ግድግዳው የተሰነጠቀው። በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 39 ሰዎችን በአንድ ቀን ነጻ አወጣ፤ በ2024 ፓርላማው የብዙዎቹን ፍርድ በአዋጅ በጅምላ ሰረዘ። በየአገሩ ያለ አንድ ዳኛ በፊቱ ያለውን አንድ መዝገብ ብቻ ነው የሚያየው። እዚህ መንደር አንዷ ‹‹አልሰረቅሁም፣ ኮምፒውተሩ ነው›› ትላለች፤ እዚያ ከተማ ሌላው ያንኑ ይላል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ የለም።

መሐንዲሷ፦ ልክ ነው፤ ግን ልከራከርዎ። እዚያ እውነቱን የደበቁት ሰዎች ናቸው። በሰው ዓይን ብቻ የሚሠራው ምርመራ ከዚህ ይሻላል እንዴ? የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ መርማሪዎች ለብዙ ዓመታት ፀጉርን በማይክሮስኮፕ እያዩ ‹‹ይህ ፀጉር ከተከሳሹ ጋር ይመሳሰላል›› እያሉ ይመሰክሩ ነበር። በ2015 መሥሪያ ቤቱ ራሱ የቀድሞ መዝገቦቹን ሲመረምር፣ ምስክርነቱ ተከሳሽን ለመጉዳት ከዋለባቸው 268 የፍርድ ሂደቶች በ257ቱ ሳይንሱ የማይደግፈው ቃል ተሰጥቶ አገኘ። ከመቶ 96 ማለት ነው። እነዚያ መርማሪዎች ኮምፒውተር አልተጠቀሙም። በራስ መተማመን ብቻ ነበራቸው።

ዳኛው፦ አልክድሽም። ከዚያም በፊት፣ በ2009፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ጥናት ከዘረመል ምርመራ በቀር አንድን ማስረጃ ከአንድ የተለየ ሰው ጋር በእርግጠኝነት ማገናኘት እንደሚችል በጥብቅ ሳይንሳዊ መንገድ የተረጋገጠለት የፎረንሲክ ዘዴ የለም ብሏል። የጥርስ ንክሻ፣ የጫማ ዱካ፣ የእጅ ጽሑፍ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። ዘመናችንን ሙሉ እንደ ዓለት ስንደገፍባቸው የኖርን ናቸው።

መሐንዲሷ፦ እኔ የምለውም ይህንኑ ነው። ማሽንን ቢያንስ መፈተን ይቻላል። መልሳቸው የታወቀ አንድ ሺህ ናሙናዎች ሰጥቼው ስንቱን እንደሳተ እቆጥራለሁ። አንድን መርማሪ እንደዚያ ልፈትንህ ብለው ይቆጣል።

ዳኛው፦ ጥሩ ነገር ተናገርሽ፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሰውና ማሽን ተጋግዘው የሳቱበትን ላስታውስሽ። ማርች 11 ቀን 2004 ማድሪድ ውስጥ በባቡሮች ላይ ቦምብ ፈንድቶ ከ190 በላይ ሰው ሞተ። ፈንጂ ማቀጣጠያ ባለበት የፕላስቲክ ከረጢት ላይ አሻራ ተገኘ። ኤፍ ቢ አይ አሻራውን በኮምፒውተሩ ሲያስፈልግ ሲስተሙ የሚመሳሰሉ 20 ሰዎችን ስም ዘረዘረ። አራተኛው በኦሪገን ግዛት የሚኖር ብራንደን ሜይፊልድ የሚባል ጠበቃ ነበር። የኤፍ ቢ አይ መርማሪዎች እሱ ነው አሉ፤ ጥርጥር የለውም አሉ። ፍርድ ቤቱ ለሜይፊልድ ወገን የሾመው ገለልተኛ ባለሙያም ተስማማ። የስፔን ፖሊስ ግን አይገጥምም እያለ ነበር። ሰውየው ሁለት ሳምንት ያህል ታሰረ፤ ኋላ ስፔኖቹ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አረጋገጡ። የአሜሪካ መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ በ2006 2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። አራት ዐዋቂዎች እንዴት አንድ ዓይነት ስህተት ሠሩ?

መሐንዲሷ፦ ይህንን በስሌት ላስረዳዎት እችላለሁ። አሻራን ከአንድ ተጠርጣሪ ጋር ማስተያየት አንድ ነገር ነው፤ በአሥር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ሰዎች መካከል በጣም የሚመስለውን መፈለግ ሌላ ነገር ነው። የመዝገቡ ብዛት በጨመረ ቁጥር ከእውነተኛው ባለቤት ጋር በአጋጣሚ የሚመሳሰል ሰው የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል። ማሽኑ ሥራው መምሰልን መፈለግ ነው፤ ስለዚህ የሚያመጣው ዓይን የሚያታልለውን ሰው ነው። እንበል አንድ ሲስተም ከ10,000 ሰው በአንዱ ብቻ ይሳሳታል። ለሰሚው እጅግ ትክክለኛ ይመስላል። 5 ሚሊዮን ሰው ባለበት መዝገብ ላይ ካስሮጥነው ግን ንጹሕ ሆነው ‹‹ገጥመዋል›› የሚባሉ 500 ሰዎች ያወጣል።

ዳኛው፦ ችሎት የሚደርሰው ደግሞ አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት 499 መኖራቸውን ማንም አይነግረኝም። እኔ የምሰማው ‹‹የስህተቱ መጠን ከ10,000 አንድ ነው›› የሚለውን ብቻ ነው፤ ያንን ሰምቼ ደግሞ ተከሳሹ ንጹሕ የመሆን ዕድሉ ከ10,000 አንድ ነው ብዬ እተረጉመዋለሁ። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ሕግ ትምህርት ቤት አላስተማሩንም።

መሐንዲሷ፦ በሜይፊልድ ጉዳይ ሌላም ነገር ነበር። ጉዳዩን የመረመረው የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር እንዳለው፣ መርማሪዎቹ የሰውየውን ጥርት ያለ አሻራ ካዩ በኋላ ተመልሰው በደበዘዘው አሻራ ላይ ያንኑ መስመር ማየት ጀመሩ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም የመጀመሪያው ምን እንዳለ እያወቀ ነው ያየው።

ዳኛው፦ በችሎት ምስክሮችን አንዱ ሌላውን እንዳይሰማ ከአዳራሽ እናስወጣለን። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይመሰክራል!

መሐንዲሷ፦ ፊት የሚለየው ሲስተም ላይ ስንደርስ ነገሩ እኛንም በቀጥታ ይነካናል፣ ጋሼ። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2019 ብዙ ኩባንያዎች የሠሯቸውን ስልተ ቀመሮች ፈትኖ ነበር። ሁለት የተለያዩ ሰዎችን እንደ አንድ የመቁጠር ስህተት ከሁሉ ከፍ ብሎ የታየው በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካ እንዲሁም በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ነው፤ ዝቅተኛው በምሥራቅ አውሮፓውያን ላይ። ልዩነቱ እንደ ስልተ ቀመሩ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 100 እጥፍ ይደርሳል። ከምሥራቅ አፍሪካ ከተፈተኑት ፎቶዎች መካከል የኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ያለ የእኛ ልጅ ፊቱ በካሜራ ሲያዝ ይህ ቁጥር አብሮት ነው የሚሄደው።

ዳኛው፦ በዚህ የተነሣ የታሰረ ሰው አለ?

መሐንዲሷ፦ አለ። የዲትሮይት ፖሊስ በ2020 መጀመሪያ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አባወራ በሚስቱና በልጆቹ ፊት በካቴና አስሮ ወሰደ፤ ሰዓት ሰርቀሃል ተብሎ። ማስረጃው ከደበዘዘ የሱቅ ካሜራ የተወሰደ ምስል ከመንጃ ፈቃድ ፎቶው ጋር በኮምፒውተር መግጠሙ ነበር። ሰውየው እዚያ ሱቅ አልነበረም። ከተማው በ2024 300,000 ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማ፤ ፖሊሱም የፊት መለያ ውጤትን ብቻ ይዞ ሰው ላያስር ግዴታ ገባ።

ዳኛው፦ አሁን ወደ ተናገርሽው ልመለስ። ማሽንን መፈተን ይቻላል ብለሻል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 ዶበርት በሚባለው ጉዳይ ለዳኞች የሰጠው ትእዛዝ ከዚህ ጋር አንድ ነው፦ ባለሙያ ሲቀርብ ዘዴው ተፈትኗል ወይ፣ ለሌሎች ባለሙያዎች ግምገማ ቀርቧል ወይ፣ የሚታወቅ የስህተት መጠን አለው ወይ፣ ሥራው የሚመራበት ደረጃ አለ ወይ፣ በሙያው ዘንድ ተቀባይነት አለው ወይ ብላችሁ በር ላይ ፈትሹ። ጥሩ ትእዛዝ ነው። ግን ባለቤቱ ‹‹የንግድ ምስጢሬ ነው፣ አላሳይም›› ካለ ማን ይፈትነዋል?

መሐንዲሷ፦ የዊስኮንሲኑን ጉዳይ ማለትዎ ነው?

ዳኛው፦ አዎ። ኮምፓስ የሚባል ፕሮግራም ተከሳሹ ዳግመኛ ወንጀል የመሥራት ዕድሉ ከፍተኛ ነው አለ፤ ዳኛው ቅጣት ሲወስን ያንን አየ። ተከሳሹ እንዴት እንደ ተሰላ ልወቅ አለ፤ ኩባንያው ምስጢር ነው አለ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት እንጂ መጠቀም ይቻላል ብሎ ወሰነ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ሰውን ስታስር ‹‹ለምን?›› ብሎ ሲጠይቅ የምትሰጪው መልስ ምስጢር ሊሆን አይችልም።

መሐንዲሷ፦ ሌላ መንገድ የሄዱም አሉ። የኒው ጀርሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2021 የብዙ ሰው ዘረመል ሲደባለቅ የሚተነትነውን ትሩአሊል የሚባል ሶፍትዌር የምንጭ ኮድ የተከሳሹ ባለሙያዎች ምስጢሩን ጠብቀው እንዲያዩት አዟል። እንደ መሐንዲስ የምነግርዎት፣ ኮዱን ለአንድ ባለሙያ ማሳየት ኩባንያን አያጠፋም።

ዳኛው፦ እኛ ይህን ክርክር ከኮምፒውተር በፊት የጨረስነው ይመስለኝ ነበር። ሌባ ሻይ ሲባል ሰምተሻል?

መሐንዲሷ፦ ስሙን ነው የማውቀው።

ዳኛው፦ ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ በገመድ ይታሰርና እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል። የገባበት ወይም የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ የጠፋውን ይከፍላል። ልጁ ለምን እዚያ እንደ ወደቀ ማንም አይጠይቀውም፤ ቢጠየቅም አያውቀውም። መድኃኒቱን የቀመመው ሰው ደግሞ ቅመሙን አይናገርም። ይህ አሠራር ብዙ ንጹሕ ሰው ስላስለቀሰ ቀርቷል። በሌላ በኩል በላ ልበልሃ ነበረን፤ ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው፣ ውርርድ እየተወራረዱ፣ አንዱ ሌላውን በጥያቄ እየወጠረ የሚሟገትበት። እንዲያ ሲሟገቱ ማንም ሰው፣ ድሀም ቢሆን፣ ባላጋራውን ‹‹እንዴት አወቅህ?›› ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ኮዱ የተደበቀ ሲስተም ይዞልኝ የሚመጣ ዐቃቤ ሕግ ከሁለቱ ወደ የትኛው እየመለሰን እንደ ሆነ ይታየኛል።

መሐንዲሷ፦ ኮዱ ቢከፈትም መልስ የማይገኝበት ጊዜ ግን እየመጣ ነው። የቀድሞው ፕሮግራም ‹‹ይህ ከሆነ ያንን አድርግ›› ተብሎ በሰው የተጻፈ ነው፤ መስመር በመስመር ማንበብ ይቻላል። አሁን ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን ከብዙ መረጃ ራሱ የተማረ ነው። ውስጡን ቢከፍቱት የሚያገኙት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮች ነው። አንዱንም ነጥለው ‹‹ይህ ነው ምክንያቱ›› ማለት አይቻልም።

ዳኛው፦ ችሎት ደርሶ ያውቃል?

መሐንዲሷ፦ በኒው ዮርክ ሳራቶጋ በ2024 የታየ የአደራ ንብረት ክርክር አለ። ለአንዱ ወገን የቀረበው ባለሙያ የጉዳት ካሳውን ስሌት ማይክሮሶፍት ኮፓይለት በሚባል ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዳመሳከረ ተናገረ። ምን ብለህ ጠየቅኸው ሲባል አላስታውስም አለ፤ ከየት አምጥቶ መለሰልህ ሲባል አላውቅም አለ። ዳኛው ያደረጉትን ቢያዩ ይወዱላቸዋል። ራሳቸው በፍርድ ቤቱ ኮምፒውተሮች ላይ ኮፓይለትን ከፍተው 250,000 ዶላር በአንድ የታወቀ ፈንድ ውስጥ ከ2004 መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ 2021 ቢቀመጥ ስንት ይሆናል ብለው ጠየቁት። አንዱ ኮምፒውተር 949,070 ዶላር ከሳንቲም አለ፤ ሁለተኛው 948,209 አለ፤ ሦስተኛው ከ951,000 በላይ አለ። ጥያቄው አንድ፣ መልሱ ሦስት።

ዳኛው፦ እንዲህ ያለ ዳኛ ይባረክ! ምስክሩን በየክፍሉ ለየብቻ ጠየቀው ማለት ነው። ምን ወሰነ?

መሐንዲሷ፦ ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም አስተማማኝነቱን ጥያቄ ውስጥ ያስገባል አሉ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ማስረጃ የሚያቀርብ ጠበቃ አስቀድሞ እንዲገልጥ፣ ተቀባይነቱም በቅድሚያ እንዲጣራ ወሰኑ። ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ በ2025 ከዚህ የባሰ ሆነ። በምርጫ ላይ ስለሚለቀቅ ሐሰተኛ ምስል በወጣ ሕግ ክርክር፣ ስለ ሐሰተኛ መረጃ የሚያጠና ዕውቅ ፕሮፌሰር በመሐላ የጻፈው ቃል ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የፈለሰፋቸው፣ በዓለም ላይ የሌሉ ጥናቶች ተጠቅሰው ተገኙ። ዳኛዋ ቃሉን ከመዝገብ አስወጡት። ሰውየው ስለማታለል ሊመሰክር መጥቶ ራሱ ሳያውቀው ተታለለ።

ዳኛው፦ ቪዲዮስ? እኛ ጋር አሁን ሁሉም በስልኩ ቀርጾ ነው የሚመጣው።

መሐንዲሷ፦ በዋሽንግተን ግዛት በ2024 የታየ የግድያ ክስ ላይ የተከሳሹ ወገን የስልክ ቪዲዮ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥራቱ ተሻሽሎ ይቅረብልኝ አለ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የደበዘዘውን አያጠራም፤ በደበዘዘው ቦታ ሊኖር ይችላል ብሎ የሚገምተውን ይሥላል። ለሠርግ ቪዲዮ ደግ ነው። ጥይት ከየት ተተኮሰ ለሚለው ጥያቄ ግን ያልነበረ ነገር ጨምሮ ማሳየት ነው።

ዳኛው፦ እንግዲህ ለአንቺ ጉዳይ የምመክርሽን ልንገርሽ። በእኛ አገር የማስረጃ ደንቦችን ለአሥርተ ዓመታት ከየሕጉ እየለቀምን ነው የሠራነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ስለ ዲጂታል ማስረጃ ተቀባይነት ደንግጓል። ከሁሉ በላይ ግን ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 ተከሳሽ የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ የመመልከትና የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት አለው ይላል። የኮምፒውተር ውጤት በማስረጃነት ከቀረበ፣ የስህተት መዝገቡም ‹‹ማናቸውም ማስረጃ›› ውስጥ ይገባል ባይ ነኝ። የአንቺ ክርክር የፍትሐ ብሔር ነው፤ ቢሆንም ነገ ያው ሪፖርት የወንጀል መዝገብ ውስጥ ተሰክቶ ሊገኝ ይችላል።

መሐንዲሷ፦ ስለዚህ ምን ልጻፍ?

ዳኛው፦ መጀመሪያ ያየሽውን ጻፊ፤ ቀጥለሽ ያላሳዩሽን ጻፊ። ማን ወደ ሲስተሙ መግባት እንደሚችል ጠይቂ፤ ከውጭ ሆኖ መዝገብ መለወጥ የሚችል ሰው ካለ ስሙና የገባበት ሰዓት ይምጣ በይ። ከዚህ በፊት ደንበኞች ያቀረቡትን አቤቱታ ሁሉ ጠይቂ፤ ‹‹አንቺ ብቻ ነሽ›› የሚባለው ውሸት እዚያ ነው የሚያዘው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተጠቀምሽ የትኛውን፣ መቼ፣ ምን ብለሽ እንደ ጠየቅሽው አያይዢ። ‹‹እርግጠኛ ነኝ›› የሚለውን ቃል ቁጥር ሳትይዢ አትጻፊ። መስቀለኛ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ የቀጠረሽን ወገን ለማዳን አትሞክሪ። ልዩ አዋቂ ተብለሽ ስትቀመጪ የማንም ወገን አይደለሽም፤ የችሎቱ ነሽ።

መሐንዲሷ፦ ዳኞቹስ? ሸክሙን ሁሉ በእኛ ላይ አይጣሉ እንጂ።

ዳኛው፦ ልክ ነሽ። ዳኛው የማጣሪያ ጥያቄ የመጠየቅ ሥልጣን አለው፤ ሳይንስ አላውቅም ብሎ ዝም ማለት አይችልም። ሦስት ጥያቄ ሳይንስ አይፈልግም፦ ይህ ሲስተም ተሳስቶ ያውቃል ወይ? ሲሳሳት የሚመዘገበው የት ነው? ያንን መዝገብ ተከሳሹ አይቶታል ወይ? አሜሪካኖች በ2025 ለሕዝብ አስተያየት ያቀረቡት ረቂቅ ደንብ ቁጥር 707፣ ማሽን ያለ ባለሙያ ምስክር የሚያቀርበው ውጤት ከሰው ባለሙያ የሚጠየቀውን የአስተማማኝነት መመዘኛ እንዲያሟላ የሚያደርግ ነው። እኛም ደንብ እስኪወጣልን መጠበቅ የለብንም። ተከላካይ ጠበቆችም ‹‹የለኝም›› ብለው አይቀመጡ፤ የሚያውቅ ሰው ይዘው ይምጡ፣ ድሀ ተከሳሽ ከሆነ ደግሞ መንግሥት ባለሙያ ያቁምለት። ለከሳሽ ቤተ ሙከራ ከተሠራ ለተከሳሽም አንድ መሐንዲስ አይከብድም።

መሐንዲሷ፦ የቀጠሩኝ ሰዎች ይህን ሁሉ ባይወዱትስ? እነሱ የፈለጉት አንድ ገጽ ነው።

ዳኛው፦ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

መሐንዲሷ፦ ነገ ጠዋት እደውልላቸዋለሁ። የሲስተሙን የስህተት መዝገብ፣ የደንበኞችን አቤቱታና ማን መቼ እንደ ገባ የሚያሳየውን ዝርዝር ካልሰጡኝ አልፈርምም፤ ከሰጡኝም ቅጂው ለተከሳሹ ወገን ካልደረሰ ችሎት አልቀርብም።